የንፋስ ብርድ ምንድን ነው?

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት የሚገኘው የዋሽንግተን ተራራ ጫፍ ደግሞ 1,917 ሜትር ነው። ልዩነቱ 140 ሜትር እንኳ አይሞላም። እኛ ዘንድ በዚህ ከፍታ ቡና ይለቀማል፣ አቮካዶ ይበቅላል። እዚያ ግን በጥር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023) አንድ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 44 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ፤ ሽውታው በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ፤ ጫፉ ላይ ያለው የአየር ጠባይ ጣቢያም የንፋስ ብርዱን ከዜሮ በታች 78 ብሎ መዘገበው።

ለአንድ ሌሊት ሁለት ቁጥር ሆነ፤ 44 እና 78። ሁለቱም ትክክል ናቸው። 44 የአየሩ ሙቀት ነው፤ ቴርሞሜትር የሚያነበው እሱን ነው። 78ቱን ግን የትኛውም ቴርሞሜትር አያሳይም፤ የተሰላው በዚያ አየር ውስጥ ፊቱን ገልጦ ለሚቆም ሰው ነው። ፈረንጆቹ ዊንድ ቺል የሚሉት ይህንን ነው።

የሰውነታችን ውስጥ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። በብርድ ጊዜ ቆዳችን አጠገቡ ያለውን አየር ስለሚያሞቀው በዙሪያችን ስስ የሆነ የሞቀ አየር ይሠራል፤ አየር ደግሞ ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ንፋስ ሲመጣ ያንን ገፎ ይወስድና በምትኩ ቀዝቃዛውን ያመጣል። ቆዳው እንደገና ያሞቃል፣ ንፋሱ እንደገና ይገፋል። ትኩስ ቡና በስኒ ይዘን እፍ ስንለው የምናደርገውም ይህንኑ ነው፤ ቡናው ላይ በተጨማሪ ትነት አለበት እንጂ። እንግዲህ የንፋስ ብርድ ለአንድ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው ማለት ይቻላል፦ ይህ ፊት አሁን በንፋሱ የሚያጣውን ያህል ሙቀት ንፋስ በሌለበት እንዲያጣ አየሩ ስንት ዲግሪ መሆን ነበረበት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይበጃል። የራሱ ሙቀት የሌለው ነገር የንፋስ ብርድ አይነካውም። አየሩ ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ ከሆነና በንፋሱ ምክንያት «ከዜሮ በታች 5 ነው» ከተባለ፣ ኮዳ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ አይሆንም። ድንጋዩም መኪናውም ቶሎ ወደ 2 ዲግሪ ይወርዳሉ እንጂ ከ2 በታች አይሄዱም። እኛ የምንጎዳው ሳናቋርጥ ሙቀት ስለምናመርትና ንፋሱም ሳያቋርጥ ስለሚወስድብን ነው።

ይህንን መጀመሪያ የለኩት ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንታርክቲካ ላይ ሆነው ውሃ የሞላበትን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ንፋስ ላይ እየሰቀሉ፣ ውሃው በረዶ እስኪሆን የሚፈጀውን ጊዜ መዘገቡ። ሳይፕል አንታርክቲካን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው ገና ወጣት ስካውት ሳለ ነበር። ሥራቸው ትልቅ ቢሆንም የፕላስቲክ ዕቃ የሰው ፊት አይደለምና ቀመሩ ብርዱን አጋኖ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካና ካናዳ አሻሻሉት። በጎ ፈቃደኞች ፊታቸው ላይ የሙቀት መለኪያ ተለጥፎላቸው ቀዝቃዛ ንፋስ በሚነፍስበት ክፍል ውስጥ ተራመዱ፤ ዛሬ የምንሰማው ቁጥር የሚሰላው ከዚያ በወጣው ቀመር ነው።

ቀመሩ አንድ የማይጠበቅ ነገር ያሳያል። አየሩ 5 ዲግሪ ነው እንበል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ንፋስ ስሜቱን ወደ 3 ያወርደዋል። 30 ሲሆን ዜሮ ይደርሳል። 60 ሲሆን ከዜሮ በታች 2፣ 90 ሲሆን ከዜሮ በታች 3 ይሆናል። አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው የመጀመሪያው መጠነኛ ንፋስ ነው ማለት ነው፤ ያ ስስ የሞቀ አየር ለመገፈፍ ማዕበል አይጠብቅም።

ለዚህ ተራራ መውጣትም አያስፈልግም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከሰቃ ወይም ከአጋሮ ወደ ጅማ የሚመጣውን ሞተረኛ ተመልከቱ፤ ጃኬቱን የፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይለብሳል። ዚፑ ጀርባው ላይ ነው። አንዳንዱ ከጃኬቱ ስር ደረቱ ላይ ካርቶን ይጨምራል። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ ቅጠል ባይወዛወዝ እንኳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው ንፋሱን ራሱ ይፈጥረዋል፤ ፊቱን የሚያገኘው የ5 ዲግሪ ብርድ ነው። ንፋስ በዚፕ ጥርስ መካከል ያልፋል፣ በካርቶን ውስጥ ግን አያልፍም። ሞተረኞቻችን ያለ ቀመር ደርሰውበታል።

ታዲያ የጅማን ያህል ከፍታ ያለው ተራራ ለምን እንዲህ ሆነ? እኛ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያልን ብርድን በከፍታ መለካት ለምደናል፤ ለአገራችን ልክ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ 4,550 ሜትር ላይ ያለው ራስ ዳሸን ከጅማ በ18 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል ብሎ ማስላት ይቻላል። የዋሽንግተን ተራራ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 44 ዲግሪ ላይ ነው። በክረምታቸው ከሰሜን ዋልታ በኩል የሚወርደው አየር ያገኘዋል፤ የአገሩ የማዕበል መንገዶች በአቅራቢያው ይገናኛሉ፤ የተራሮቹ ሰንሰለት ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግቶ ከምዕራብ ለሚመጣው ንፋስ መንገድ ላይ ይቆማል። አየሩ ጫፉን ሲያልፍ ይጨመቅና ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. አፕሪል 12 ቀን 1934 እዚያ የተለካው ንፋስ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህ ክብረ ወሰን የተሰበረው በ1996 ሲሆን፣ ያኔም 408 ኪሎ ሜትር የተለካው ተራራ ላይ ሳይሆን በአውስትራሊያዋ ባሮው ደሴት ላይ፣ በአውሎ ነፋስ ጊዜ ነው።

የንፋስ ብርድ ከዜሮ በታች 40 ሲያልፍ የተገለጠ ቆዳ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ በረዶ ሊሆን ይችላል። 55 ሲያልፍ 2 ደቂቃ አይፈጅም። በ78 ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ጣት፣ አፍንጫና ጆሮ ይቀድማሉ፤ ሰውነት ደሙን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ልብና አንጎልን ሲያድን ዳርቻውን ይተዋልና።

እኛ ተራራ ላይ በይበልጥ ልንፈራው የሚገባው ግን ይህ አይመስለኝም። ከጅማ ተነስተው ባሌን ለመጎብኘት የሚሄዱ ወጣቶች ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ 4,377 ሜትር ድረስ፣ በመኪና መውጣት ይችላሉ። አየሩ 5 ዲግሪ ነው፣ ካፊያ አለ፣ ንፋሱ መካከለኛ ነው። በረዶ ስለማይታይ አደጋ ያለ አይመስልም። ነገር ግን የረጠበ ልብስ ላይ ንፋስ ሲጨመር ቀመሩ ከሚለው በላይ ሙቀት ይወሰዳል፤ ቀመሩ የተሠራው ለደረቀ ፊት ነው። ጋቢ ደርቆ ሳለ በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ በጣም ያሞቃል፤ ንፋስ ግን ያልፍበታል፤ ከረጠበ ደግሞ ጥጥ ነውና ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። የመንዝ ሰው በርኖስ ከበግ ጸጉር መሠራቱ በምክንያት ነው፤ ሱፍ እርጥብም ሆኖ ሙቀት ይይዛል። የቱንም ብትለብሱ ከላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ አንድ ነገር ይኑር፤ ተራ የዝናብ ልብስም ይበቃል።

የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። ሰውዬው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቁልፉን መቆለፍ ያቅተዋል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ ይደናቀፋል። መንቀጥቀጡ ቆሞ «አሁን ደህና ነኝ» ካለ ያኔ ነው መደንገጥ፤ ሰውነቱ ሙቀት ለማምረት አቅም አጥቷል ማለት ነው። በፍጥነት ከንፋሱ አውጡት፤ መኪና ከሌለ ከድንጋይ ጀርባም ቢሆን። የረጠበውን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፤ መሬቱም ሙቀት ስለሚወስድ ከስሩ አንጥፉለት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ ስጡትና ወደ ሐኪም አውርዱት። አረቄ አትስጡት፤ የቆዳውን የደም ሥሮች ከፍቶ የሙቀት ስሜት ይሰጠዋል፣ ልቡ ዙሪያ የቀረችውን ሙቀት ግን ወደ ውጭ ያስወጣታል።