ኳንተም ምንድን ነው? ከፍም ቀለም የተነሣ ጥያቄ

ከሰል ሲቀጣጠል ልብ ብላችሁ አይታችሁት ይሆናል። መጀመሪያ ጥቁር ነው፤ እጅ ሲያስጠጉት ይሞቃል እንጂ አያበራም። ሲያራግቡት ጠርዙ ይቀላል፣ ቀስ በቀስ ሁለመናው ቀይ ፍም ይሆናል፣ ወናፍ ካገኘ ደግሞ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ያደላል። ቀጥቃጭ ብረቱ ለመዶሻ መድረሱን የሚለየው በዚሁ ቀለም ነው። ግን ሐምራዊ ፍም ያየ ማን አለ? ማንም የለም። ለምን? የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የታወቀው ፊዚክስ ሁሉ ሊመልሰው አልቻለም። በመጨረሻ የተገኘው መልስ ኳንተም ይባላል።

በፍም ላይ አንዳንዴ ብልጭ የሚለው ሰማያዊ ነበልባል ትዝ ያለው አንባቢ ይኖራል። እሱ የከሰሉ የግለት ብርሃን አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሲቃጠል የሚታይ ነው። ሳይቃጠል የቀረው ይኸው ጋዝ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላልና ከሰል ባለበት ክፍል መስኮት ይከፈት።

ኳንተም የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙ «ስንት» ወይም «ምን ያህል» ነው። በፊዚክስ የአንድ ድርሻ መጠሪያ ሆኗል፦ ብርሃንና ቁስ ጉልበት ሲሰጣጡ ከዚያ በታች ሊሸረፍ የማይችለው ትንሹ ድርሻ። ጉልበት ስል ጋዜጦቻችን ብዙ ጊዜ «ኃይል» የሚሉትን፣ ማገዶ ሲነድ የሚወጣውን፣ በባትሪ ውስጥ የሚጠራቀመውን፣ በጁል የሚለካውን ማለቴ ነው። በኒውተን ሕጎች ውስጥ ኃይል ሌላ ነገር ስለሆነ ሁለቱን ባናደባልቅ እመርጣለሁ።

ከኳንተም በፊት የነበረው፣ ዛሬ ክላሲካል የምንለው ፊዚክስ፣ ጉልበት እንደ ፈሳሽ በፈለጉት መጠን ሊቀዳ ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ትንሽ ሲገፉት ትንሽ፣ ብዙ ሲገፉት ብዙ ይወጣል፤ በመካከል «እዚህ ከፍታ ላይ መድረስ አይቻልም» የሚባል ቦታ የለም። ይህ እምነት የፕላኔቶችን ጉዞም የእንፋሎት ሞተርንም በሚገባ አስረድቷል። ማንደጃ ላይ ያለውን ፍም ማስረዳት ግን አቃተው።

ያቃተው እንዲህ ነው። የጋለ ነገር የሚያበራው በውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ስለሚርገበገቡ ነው። ዝግ ያለው ርግብግቢት ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ይሰጣል፤ ፈጠን ያለው ቀይ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ አልፎ አልትራቫዮሌት። ክላሲካሉ ሕግ በአንድ የሙቀት መጠን ላይ ላሉ ርግብግቢቶች ሁሉ ጉልበት እኩል ይታደላቸዋል ይላል። ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ፈጣኑ ወገን በሄድን ቁጥር የርግብግቢቱ ዓይነት እየበዛ ይሄዳል፤ ማለቂያም የለውም። ለሁሉም እኩል ከታደለ ቡና ልታፈሉበት ያያዛችሁት ፍም ቤቱን በአልትራቫዮሌትና በኤክስሬይ ማጥለቅለቅ ነበረበት። የፊዚክስ ሊቁ ፖል ኤረንፌስት በ1911 (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን ስሌት የአልትራቫዮሌት ጥፋት ብሎ ሰየመው።

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ፕላንክ ኳንተምን ያገኘው ይህን ጥፋት ለመከላከል ሲል እንደሆነ ይተርካሉ። ዓመቶቹን ስናይ ግን ስሙ ራሱ የወጣው ከፕላንክ ሥራ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። እውነተኛው ታሪክ ከትረካው ይልቅ የሚያስደስተኝ ከሠራተኛ እጅ ስለሚጀምር ነው። በበርሊን፣ ሻርሎተንቡርግ በሚባለው አካባቢ በ1887 የተቋቋመ የጀርመን መንግሥት የመለኪያ ተቋም ነበር። የኤሌክትሪክ መብራት ገና እየተስፋፋ ስለነበር አምፖሎች የሚመዘኑበት አስተማማኝ የብርሃን መለኪያ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የተቋሙ ሰዎች ውስጡ ባዶ የሆነ ምድጃ እያጋሉ በትንሽ ቀዳዳው የሚወጣውን ብርሃን በየቀለሙ ይለኩ ነበር። በ1900 ሃይንሪሽ ሩበንስና ፈርዲናንድ ኩርልባውም በረጅም ኢንፍራሬድ ሞገዶች ላይ የለኩት ቁጥር እስከዚያ ትክክል ሲመስል ከቆየው ቀመር ጋር አልገጥም አለ።

ጥቅምት 7 ቀን 1900፣ እሑድ፣ ሩበንስ ፕላንክን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይህን ነገረው። ፕላንክ በዚያው ምሽት ከአዲሱ ልኬት ጋር የሚስማማ ቀመር ጻፈ። ቀመሩ ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራ ግን እሱም አያውቅም። የሚቀጥሉትን ሳምንታት ያሳለፈው ይህን «ለምን» በመፈለግ ነበር። ታኅሣሥ 14 ቀን በጀርመን ፊዚክስ ማኅበር ፊት ቆሞ ያቀረበው ማብራሪያ ቀደም ሲል ብዙም የማይወደውን የፊዚክስ ሊቁን የሉድቪግ ቦልትዝማንን የቆጠራ ዘዴ የተጠቀመ ነበር። ለመቁጠር ደግሞ ጉልበቱን በድርሻ መከፋፈል ግድ ነው። የተለመደው አሠራር ከቆጠሩ በኋላ ድርሻውን እያሳነሱ ወደ ዜሮ ማውረድ ነበር። ፕላንክ ድርሻውን ወደ ዜሮ ቢያወርደው ትክክለኛው ቀመር ይፈርስበታል፤ ስለዚህ ተወው። ከዓመታት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ያን እርምጃ የተስፋ መቁረጥ ድርጊት ብሎታል።

ያ ድርሻ እንዲህ ይሰላል፦ የርግብግቢቱ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ የፕላንክ ቋሚ በሚባለው ቁጥር ይባዛል። ቋሚው 6.626 × 10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ 33 ዜሮዎች ተደርድረው ነው የመጀመሪያው 6 የሚመጣው። ስለዚህ ድርሻው ለሁሉም አንድ አይደለም። ፈጣኑ ርግብግቢት ትልቅ ድርሻ ይጠይቃል፣ ዝግተኛው ትንሽ። የኳንተም ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ማብራሪያዎች ግን በጥድፊያ ያልፉታል።

አንድ ገበያ እናስብ። እያንዳንዱ መደብ የሚቀበለው አንድ ዓይነት ኖት ብቻ ነው፤ ዝርዝር አይቀበልም፣ መልስም አይሰጥም። ገበያተኛው በአማካይ 1 ብር ይዟል። ይህ 1 ብር በ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በጋለ ፍም ውስጥ ክላሲካሉ ሕግ ለእያንዳንዱ ርግብግቢት የሚያድለው ጉልበት ነው እንበል። በዚህ ሒሳብ ፍሙ አብዝቶ የሚያወጣው ኢንፍራሬድ በ5 ብር ገደማ ይሸጣል፤ አንድ ሰው በአጋጣሚ 5 ብር ቢይዝ አይገርምም፤ ስለዚህ ደንበኛ አለው። ቀይ ብርሃን 19 ብር ይጠይቃል። ያን ያህል የያዘ ሰው ብርቅ ነው፤ ሆኖም ሕዝቡ እጅግ ብዙ ስለሆነ ጥቂቶች ይገኛሉ፤ የፍሙ ቅላት ከእነሱ የመጣ ነው። ሐምራዊው ከ33 ብር በላይ ነው። ገዢው ከቀዩ በመቶ ሺዎች እጥፍ ያነሰ ስለሆነ መደቡ ባዶውን ይውላል። ሐምራዊ ፍም የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ያህል ስለሚግል ግን እዚያ ገበያተኛው ሀብታም ነው፤ ሐምራዊውን ለመግዛት ከአማካይ ገንዘቡ 6 እጥፍ ያህል ይበቃዋል። ቀስተ ደመና ላይ ሐምራዊ የምናየው ለዚህ ነው።

ታዲያ ዥዋዥዌው ለምን በደረጃ አይዘልም? ይዘላል፤ ደረጃው ግን አይታይም። በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ የሚመላለስ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ግማሽ ሜትር ከፍ ሲል ወደ 100 ጁል ይይዛል። ይህ በደረጃ ሲቆጠር 3 ተጽፎ 35 ዜሮዎች የሚከተሉት ቁጥር ይሆናል። ጤፍ ከጆንያ ሲገለበጥ እንደ ውሃ ሲፈስስ እናያለን እንጂ ፍሬውን አንቆጥርም፤ አንዷ ፍሬ ግን አለች። ኒውተን አልተሳሳተም፤ ከሩቅ ሆኖ አየ እንጂ።

ፕላንክ ድርሻ ያለው በምድጃው ግድግዳ ሒሳብ ውስጥ ነው ብሎ ያስብ ነበር። በ1905 በበርን የፈጠራ ባለቤትነት መዝገብ ቤት ይሠራ የነበረው የ26 ዓመቱ አልበርት አይንስታይን ከዚያ አልፎ ሄደ፦ ብርሃኑ ራሱ በድርሻ በድርሻ ነው የሚጓዘው አለ። ዛሬ ያን ድርሻ ፎቶን እንለዋለን። ፕላንክ እንኳ አልተቀበለውም፤ በ1913 አይንስታይን የፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ አባል እንዲሆን ሲደግፍ በብርሃን ድርሻ ጉዳይ ዒላማውን ቢስትም ብዙ ሊወቀስበት አይገባም የሚል ሐሳብ በድጋፍ ደብዳቤው ላይ ሰፍሯል። አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ሐሳቡን ስለተጠራጠረ ለዓመታት ሲለካ ቆይቶ በ1916 ያወጣው ቁጥር የአይንስታይንን ቀመር ትክክል አደረገው። አይንስታይን የ1921 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዋናነት ለዚህ ሥራው ነው።

የአይንስታይንን ሐሳብ በቀድሞ ፎቶ ቤቶች ጨለማ ክፍል ውስጥ ማየት ይቻል ነበር። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚያጥበው ባለሙያ የሚሠራው በቀይ አምፖል ብርሃን ነበር። ቀዩ አምፖል ሥራው እስኪያልቅ ሲበራ ወረቀቱ ደኅና ነው፤ በሩ ለቅጽበት ገርበብ ብሎ የቀን ብርሃን ቢገባ ግን ሁሉም ይበላሻል። ብርሃን እንደ ፈሳሽ የሚጠራቀም ቢሆን ብዙ ቀይ ብርሃን ከጥቂት ሰማያዊ ብርሃን ጋር በተስተካከለ ነበር። አይስተካከልም፤ በወረቀቱ ላይ ያለውን የብር (የማዕድኑ) ውሁድ የሚለውጠው የአንዱ ፎቶን መጠን እንጂ ብዛቱ አይደለም። የገጠር ቤቶችን የሚያበራው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳም ሕጉ ይኸው ነው፦ የሞገድ ርዝመቱ ከ1,100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ያለፈ፣ ማለትም ርግብግቢቱ ዝግ ያለ ብርሃን ምንም ያህል ቢበረታ ከሲሊከኑ ውስጥ ኤሌክትሮን አያስለቅቅም።

አንድ ስሕተት ላርም። ኳንተም ማለት ሁሉም ነገር በደረጃ ነው ማለት አይደለም። ከአቶም የተላቀቀ ኤሌክትሮን የፈለገውን ያህል ጉልበት ሊይዝ ይችላል። ደረጃው የሚመጣው ሲታሰር ነው፤ በሁለት ጫፉ የታሰረ የክራር ጅማት የተወሰኑ ድምፆችን ብቻ እንደሚሰጥ ማለት ነው። ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኒልስ ቦር በ1913 ሃይድሮጅን የተወሰኑ ቀለሞችን ብቻ ለምን እንደሚያወጣ ያስረዳው ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ ነው። ጨው እሳት ላይ ሲበተን የምናየው ቢጫም በሶዲየም አቶም ውስጥ ያሉ ሁለት ደረጃዎች ልዩነት ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖሜትር ያህል ነው።

«ኳንተም ፈውስ» እየተባለ ስለሚሸጠው አምባርና ውሃም ዝም ማለት አልችልም። እስካሁን ከተናገርኩት ውስጥ ሕመም የሚያድን አምባር የሚወጣው ነገር የለም። ለታመመ ወገን የሚሸጥ ስለሆነ ያሳዝነኛል።

ፕላንክ ከ1900 በኋላ ለዓመታት ያን ቋሚ ቁጥር ወደ ክላሲካሉ ፊዚክስ መልሶ ሊያስገባው ሞክሮ አልሆነለትም። ቁጥሩ እየቆየ የመለኪያ ሁሉ መሠረት ሆነ። ከ1889 ጀምሮ ኪሎግራም ማለት በፓሪስ አቅራቢያ፣ ሴቭር ውስጥ የተቀመጠ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ጥፍጥፍ ክብደት ነበር። ግንቦት 20 ቀን 2019 ያ ጥፍጥፍ ከሥራው ተሻረ። በምትኩ የፕላንክ ቋሚ በትክክል 6.62607015 × 10⁻³⁴ እንዲሆን ተወሰነ፣ ኪሎግራምም ከእሱ እንዲሰላ ተደረገ። ጉልት ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ስንገዛ ያ ኪሎ የሚቆጠረው ፕላንክ ከምድጃ ብርሃን ባወጣው ቁጥር ነው።