«ክሱ ውድቅ ተደረገ» ማለት ምን ማለት ነው?

በባንክ ላይ የቀረበ የፍትሐ ብሔር ክስ ውድቅ በተደረገ ቁጥር «ባንኩ ነጻ ተባለ» የሚል አስተያየት ማንበብ ሰልችቶኛል። ነጻ የሚባለው በወንጀል የተከሰሰ ሰው ነው፤ በፍትሐ ብሔር ክርክር ተከሳሽ ወይ ኃላፊ ይባላል ወይ አይባልም። ነገሩ የቃል አጠቃቀም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ «ፍርድ ቤቱ ባንኩ ጥፋት እንደሌለበት አረጋገጠ» ሲል ጻፈ፤ የጠቀሰው ትእዛዝ ግን ጉዳዩን ለማየት የሥረ ነገር ሥልጣን የለኝም፣ ማለትም ጉዳዩ በዓይነቱ ወይም በገንዘቡ መጠን የእኔ አይደለም፣ ከማለት አላለፈም።

ቼክ ይዞ ባንክ የሄደን ሰው እናስብ። ገንዘብ ከፋዩ ቼኩን የሚመልሰው ሒሳቡ ባዶ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ፊርማው ከናሙናው ጋር ባይመሳሰል፣ በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው መጠን ቢለያይ፣ ወይም ቀኑ ቢያልፍም ይመልሰዋል። ፊርማ አልገጠመም ተብሎ የተመለሰ ቼክ አውጪው ገንዘብ የለውም ማለት ነውን? ሒሳቡ እኮ ገና አልታየም። ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ የሚጠየቅበት ክስ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ለማየት ሥልጣን ለሌለው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቢቀርብም እንዲሁ ነው፤ መዝገቡ የሚዘጋው ከሳሹ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ የማቅረብ መብቱ እንደተጠበቀ ሆኖ ነው። በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ደግሞ አስቀድሞ እንደተከፈለ ቼክ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ አይቀርብም።

የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎችን፣ ማለትም ተከሳሹ ክርክሩ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ የሚያነሣቸውን፣ በአንቀጽ 244 ከዘረዘረ በኋላ ውጤታቸውን በአንቀጽ 245 ለያይቶ አስቀምጧል።

የቼክ ምሳሌዬ የሚያነክሰው ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ማለፍ፣ ላይ ነው። ቀኑ ያለፈበትን ቼክ ገንዘብ ከፋዩ በራሱ አይቶ ይመልሰዋል፤ ዳኛ ግን ተከሳሹ ካላነሣው በቀር ይርጋን በራሱ አነሣሽነት ሊያነሣ እንደማይችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1856 ይደነግጋል። ስለዚህ ባንኩ በይርጋ ሲያሸንፍ የተረጋገጠው ከሳሹ መዘግየቱ እንጂ የባንኩ ትክክለኛነት አይደለም። ከሳሹ ግን በዚህ ሊጽናና አይገባውም፤ ያ በር በይግባኝ ካልተከፈተ በቀር ተዘግቷል።

የመያዣ ሽያጭ ጉዳይ ከሆነ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ሐራጁን ለማስቆም የሚቀርብ የእግድ አቤቱታ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም። ይሁን እንጂ ያው አዋጅ ሥርዓቱን ጥሶ የሸጠ ባንክ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። እግዱ ቀረ ማለት የካሣው ጥያቄ ቀረ ማለት አይደለም።

በውሳኔው የመጨረሻ ገጽ ላይ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚል ዐረፍተ ነገር አንብቦ ከሳሹ ተረታ የሚልም አጋጥሞኛል። ይህ ዐረፍተ ነገር ከሳሹ ሙሉ በሙሉ በረታበት ፍርድም መጨረሻ ላይ ይጻፋል። መነበብ ያለበት ከእሱ በላይ፣ ምክንያቱ የተጻፈበት ክፍል ነው።