ቦርዶ የወይን ዘር አይደለም፣ ሌሎችም ስህተቶች

ዘመድ ከፈረንሳይ ሲመጣ አንዳንዴ “ቦርዶ” የሚል ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ጠርሙሱ ለትልቅ ቀን ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከስንት ዓመት በኋላ ሲከፈት ደግሞ አንዱ ይቀምስና “ይሄማ ኮምጣጤ ሆኗል” ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ያሳዝነኛል። ወይኑ ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም።

“ቦርዶ የወይን ፍሬው ስም ነው”

አይደለም። ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለ ከተማ ነው። በዙሪያው ያለው የወይን አገርም በከተማው ስም ይጠራል። ቀዩ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ሜርሎ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን እና ካቤርኔ ፍራንክ ከሚባሉ ፍሬዎች ይቀላቀላል። ስሞቹ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ አይደሉም። የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ካስተከላቸው ቀይ ወይኖች ሜርሎና ካቤርኔ ሶቪኞን ይገኙበታል።

ቅልቅል ሲባል ደግሞ ማጭበርበር የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ የገበሬ ብልሃት ነው። አካባቢው ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ቅርብ ስለሆነ ዝናቡ አይታመንም። ሜርሎ ቀድሞ ይደርሳል፤ ካቤርኔ ሶቪኞን ዘግይቶ። አንዱን ውርጭ ወይም ዝናብ ቢጎዳው ሌላው ይተርፋል።

“ሁሉም ቦርዶ ያው ነው”

እኔ ከሁሉም በላይ እንዲስተካከል የምፈልገው ይሄኛውን ነው። ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ዢሮንድ ይሆናሉ። ወደ ባሕሩ ስትሄድ በግራ በኩል ሜዶክ አለ። አፈሩ ጠጠር የበዛበት ነው። ጠጠር ውሃ አይቋጥርም፤ ቀን የሞቀውን ሙቀትም ይይዛል። ዘግይቶ ለሚደርሰው ካቤርኔ ሶቪኞን ይመቸዋል። ወይኑ ጠንካራ፣ አፍ የሚይዝ ይሆናል። በቀኝ በኩል እነ ሳንት ኤሚሊዮንና ፖመሮል አሉ። እዚያ ሸክላ አፈር ይበዛል፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ሜርሎ ይስማማዋል። ወይኑም ለስለስ ይላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ከ“ቦርዶ” ይልቅ የመንደሩን ስም ፈልጉ። ፖያክ (የሜዶክ መንደር ነው) ከሚል ጠርሙስና ፖመሮል ከሚል ጠርሙስ ተመሳሳይ ጣዕም አትጠብቁ።

“ስኳር ከሌለው ተበላሽቷል”

እንደ አክሱሚት ያለ ጣፋጭ ወይን የለመደ ምላስ መጀመሪያ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ቀይ ቦርዶ ድራይ ነው። ፍሬው ውስጥ የነበረው ስኳር ሲብላላ ወደ አልኮል ተቀይሯል። ድድን የሚይዘው ነገር ታኒን ይባላል፤ በዋናነት ከፍሬው ልጣጭና ዘር ይመጣል። ብዙ የቆየ ሻይ ያለ ስኳር ስትጠጡ ምላሳችሁ ላይ የሚሰማችሁም ተመሳሳይ ነገር ነው። ባዶ አፍ ላይ ይከብዳል፤ ከሥጋ ጋር ግን ይለሰልሳል። ጥሬ ሥጋ በጉደር የሚወድ ሰው ይሄን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ጠንከር ያለ ሜዶክ ከጥብስ ጋር ሞክሩት።

በእርግጥ የሚበላሽ ወይንም አለ። የኮምጣጤ ወይም የእርጥብ ካርቶን ሽታ ካለው ድፉት።

“ሻቶ የሚል ከሆነ ምርጥ ነው”

ሻቶ ቃሉ የመኳንንት መኖሪያ ማለት ነው። ቦርዶ ውስጥ ግን የወይን እርሻውን ስም ያመለክታል። ትንሽ የገበሬ ቤት ብቻ ያለው ሻቶም ሞልቷል።

እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪስ ኤግዚቢሽን የወጣው ዝነኛ የቦርዶ ወይኖች ደረጃም ቢሆን ሁሉንም አይነግራችሁም። ደላሎች ያወጡት በገበያ ዋጋ ላይ ተመሥርተው ነው። ከቀዮቹ አንድ ግራቭ ከሚባል ሌላ የቦርዶ አካባቢ የመጣ ኦ ብሪዮን ሲቀር የተቀሩት በሙሉ ከሜዶክ ናቸው። ቀኝ ዳር ጭራሽ የለበትም። ፖመሮል እስካሁን ይፋዊ ደረጃ የለውም፤ በዓለም በጣም ውድ ከሚባሉት ወይኖች አንዱ የሆነው ፔትሩስ ግን ከዚያ ነው የሚመጣው።

“በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል”

ይሄ ለጥቂቶቹ ነው። ተራው ቦርዶ በተመረተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢጠጣ ይሻላል። ለምርቃት ብላችሁ አሥር ዓመት አታስቀምጡት። የሚቀመጥ ከሆነም ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ቦታ አጋድሙት፤ ቡሹ እንዳይደርቅ። በዕድሜ የገፋ ወይን ሥር አተላ ቢያዩም አይደንግጡ፤ ቀስ ብለው ቀድተው አተላውን ጠርሙሱ ውስጥ ይተዉት።