ስለ ሮም የምንሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ሮም ሊሄድ ያሰበ ሰው ከመሄዱ በፊት ብዙ ወሬ ይሰማል፣ ግማሹ ግን ልክ አይደለም፣ በሱ ምክንያት ደግሞ ስንቱ ብሩንም ቀኑንም ያባክናል፣ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የራሳችን ታሪክ ያለበት ቦታ ላይ ቆመን ሳናውቀው ማለፋችን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

«ቫቲካን ሌላ አገር ስለሆነ ለብቻው ቪዛ ያስፈልጋል» ይባላል። ሌላ አገር መሆኑ እውነት ነው፣ ከ1929 ጀምሮ ራሱን የቻለ መንግስት ነው፣ ስፋቱ ግን ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳን አይሞላም። ጣሊያን የገባችሁበት የሸንገን ቪዛ ይበቃል፣ የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ጋ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም፣ ቤተክርስቲያኑ ለመግባት ግን እንደ ኤርፖርት ፍተሻ አለ።

«ሲስቲን ቻፕል (ማይክል አንጄሎ ጣሪያውን የሳለበት ጸሎት ቤት) የሚገባው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተክርስቲያን በኩል ነው» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው ያለቦታው የሚያሰልፍ ስህተት ነው። ቤተክርስቲያኑ መግቢያው ነፃ ነው፣ ሲስቲን ግን የሚታየው በቫቲካን ሙዚየም በኩል በትኬት ነው፣ በሩም ግንቡን ዞራችሁ በሰሜን በኩል ነው፣ ስለዚህ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ኦንላይን ግዙ። እሁድ ሙዚየሙ ዝግ ነው፣ የወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ በነፃ ይከፈታል፣ ያን ቀን ግን ሰልፉ አይጣል ነው። እና እባካችሁ ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን ስለማያስገቡ፣ እዛ ሐምሌ ሙቀት ቢሆንም ነጠላ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

«ኔሮ ክርስቲያኖችን ለአንበሳ የሰጠው ኮሎሲየም ውስጥ ነው።» አይደለም፣ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ኔሮ የሞተው በ68 ነው፣ ኮሎሲየም የሚባለው ትልቁ የጥንት ስታዲየም ደግሞ ተመርቆ የተከፈተው በ80፣ ያውም የኔሮ ቤተመንግስት ሰው ሰራሽ ሐይቅ በነበረበት ቦታ ላይ። የኔሮ የፈረስ መሮጫ ሜዳ የነበረው ቫቲካን ጋ ነው፣ ቅዱስ ጴጥሮስም እዛ ተሰቀለ ነው የሚባለው።

ውሃ በፕላስቲክ ካልተገዛ አይጠጣም የሚሉም አሉ፣ ከተማው ውስጥ ግን ከ2,000 በላይ የመንገድ ቧንቧ አለ፣ ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ንፁህ ውሃ ይፈሳል፣ ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ዙሩ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። «ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ሐውልት የአክሱም ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ የቆመው ሌላ ቦታ ነው፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ዛሬ የተባበሩት መንግስታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ያለበት ህንፃ ፊት ለፊት። በ2005 ሶስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አገሩ ገባ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተመልሶ ቆመ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው የግብፅ ነው፣ ጣሊያኖች ያቆሙት ግን በ1887 ምጽዋ አቅራቢያ ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው አምስት መቶ ያህል ወታደሮቻቸው መታሰቢያ ነው፣ ከጣቢያው ፊት ያለው ትልቁ አደባባይ ራሱ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» የሚባለው በነሱ ስም ነው። በስንቶቻችን ፊት አውቶቡስ የሚያልፍበት አደባባይ ነው፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ግን አይነገረንም! ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳም እዚሁ ሐውልት ስር ተቀምጦ ነበር፣ ኋላ ነው የተመለሰው።

የመጨረሻው «ሐበሻ ሮምን ያወቀው በስደት ነው» የሚለው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተክርስቲያን አለ፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኛ መነኮሳት ያረፉበት ነው። ከነሱ አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን በግዕዝ አዲስ ኪዳንን ሮም ውስጥ ያሳተሙት በ1548 እና 49 ነው፣ ማተሚያ ቤት አገራችን ከመግባቱ ስንት መቶ ዓመት በፊት! ቤተክርስቲያኑ ከቫቲካን ግንብ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ ሄዶ መግባት አይቻልም፣ ግን የጴጥሮስ ጉልላት ላይ ውጡ፣ ደረጃው 551 ነው፣ ሊፍት ከያዛችሁም 320 ይቀራል፣ ላይ ስትደርሱ ሰው ሁሉ ወደ አደባባዩ ሲያይ እናንተ ወደ ጀርባ ዙሩ፣ አትክልቱ መሃል የሚታየው ትልቁ ህንፃ የቫቲካን አስተዳደር ነው፣ ከሱ ጀርባ ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሌጅ (የካህናት ተማሪዎች ማደሪያ) አለ።