«በደም ነው»፣ «በጤፍ ነው»፣ «በዕድል ነው»፦ ስለ ሯጮቻችን የሚባለውና እውነታው

ከበቆጂ ወይም ከአሰላ የወጣ የዓለም ሻምፒዮን በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። አንዱ ተሰጥኦ ይላል፣ ሌላው ላብ፣ ሦስተኛው ዕድል። «ሦስቱም ነው» ብሎ መገላገል ይቻላል፤ ግን ምንም አያስረዳም። ሦስቱ እኩል ተመዝነው እንደ በርበሬ ቅመም አይደባለቁም። እያንዳንዱ የሚመጣው በራሱ ሰዓት ነው፤ ሁኔታው ደግሞ በየደረጃው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በብዛት ከሚሰሙት አባባሎች እንጀምር (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

«በደም ነው፤ አብሯቸው የተወለደ ነው»

ግማሹ እውነት ነው፤ ሰው የሚያስበው ግማሽ ግን አይደለም። የሩጫ ዘረመል ይሆናሉ ተብለው ከተጠረጠሩት መካከል ኤሲኢ እና ኤሲቲኤን3 የሚባሉት በምሥራቅ አፍሪካ የረጅም ርቀት ሯጮች ላይ ተፈትሸዋል። ሻምፒዮኑን ከጎረቤቱ የሚለይ ነገር አልተገኘባቸውም። በእናት በኩል የሚተላለፈው የዘር ሐረግም ሯጮቹን ከሌላው ኢትዮጵያዊ አልለያቸውም።

በቤተሰብ የሚተላለፈው ሌላ ነገር ነው፦ ሰውነት ለልምምድ የሚሰጠው ምላሽ። በሰሜን አሜሪካ 98 ቤተሰቦችን ያሳተፈ አንድ ጥናት ስፖርት የማይሠሩ ሰዎችን ለ20 ሳምንት ተመሳሳይ ልምምድ አሠርቶ ነበር። ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በአማካይ በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ጨመረ። ከአማካዩ ጀርባ ያለው ግን ይገርማል፤ አንዳንዱ ምንም አልጨመረም ማለት ይቻላል፣ ሌላው ከ1 ሊትር በላይ ጨምሯል። ከልዩነቱ ግማሽ ያህሉም በቤተሰብ የሚሄድ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ለአሰልጣኝ ትልቅ ትርጉም አለው። ልጆችን ሰብስቦ አንድ ቀን አስሮጦ የሚመርጥ ሰው የሚያየው ዛሬ ያለውን አቅም ነው። የሚሻለው ሦስት አራት ወር አንድ ዓይነት ልምምድ እያሠሩ በየአራት ሳምንቱ መለካት ነው፤ ርቀቱ፣ ሜዳው፣ የቀኑም ሰዓት ሳይቀየር። መጀመሪያ አሥረኛ ወጥቶ በሦስተኛው ወር አራተኛ የሆነው ልጅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለተኛ ከሆነው ይልቅ ዓይን ሊጣልበት ይገባል። በተግባር ግን የሚሸኘው ይኸው አሥረኛው ልጅ ነው።

«የዲባባ ቤተሰብስ?» የሚል ይኖራል። እጅጋየሁ በ2004 አቴንስ በ10,000 ሜትር ብር አገኘች፤ ጥሩነሽ በ2008 ቤጂንግ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ወሰደች፤ ገንዘቤ በ2015 በ1,500 ሜትር 3:50.07 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ደሙ አለ። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ከደም ጋር ሌላም ነገር ይወረሳል፦ መንገዱን አውቃ የቀደመች ታላቅ እህት፣ አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ፣ «ሴት ልጅ ሮጣ ምን ልታመጣ» የማይል ቤተሰብ።

«ከፍታው ነው የሠራቸው»

በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ሊሞላ ጥቂት ያህል ይጎድለዋል፤ ያንን ለማካካስ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ይጨምራል። እስከዚህ ልክ ነው። ታዲያ ላ ፓዝ ከበቆጂ ትበልጣለች፤ የቲቤትና የኔፓል ሰፈሮችም እንዲሁ። የማራቶን ሻምፒዮን ግን አልጎረፈባቸውም። እዚሁ አገራችንም ከበቆጂ እኩል ወይም የበለጠ ከፍ ያሉ ብዙ ወረዳዎች አሉ፤ አንድም ሯጭ ያልወጣባቸው።

በቆጂ ከፍታ ብቻ አልነበራትም፤ የሚያይ ዓይንም ነበራት። የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በልጅነታቸው አሠልጥነዋል። አንድ ሰው፣ አንዲት ትንሽ ከተማ! ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ካሸነፈች በኋላ ደግሞ ለከተማዋ ልጆች ሩጫ ወሬ መሆኑ ቀርቶ የሚታወቅ መንገድ ሆነ።

ከፍታ ጉዳትም አለው፤ ይህን ተመልካቹ ብዙም አያውቀውም። ኦክስጅን ሲያንስ እግር የውድድሩን ፍጥነት ማውጣት ያቅተዋል። ሁልጊዜ እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ላይ ብቻ የሚሮጥ ሰው ትንፋሹ ይጠነክራል፣ እግሩ ግን ይዘገያል። ስለዚህ ለፍጥነት ሥራ ወደ አቃቂ ኮሮኮንች ወይም ወደ ሰንዳፋ አስፋልት ይወረዳል። ሌላው ብረት ነው። አዲስ ቀይ የደም ሴል ያለ ብረት አይሠራም፤ የደም ማነስ ያለባት ሯጭ ተራራ ላይ ብትከርምም ትርፉ ድካም ብቻ ነው። ምግብ እንደተበላ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና መጠጣት ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ወጪ የለውም፤ ከቡና ሥነ ሥርዓታችን ጋር ግን ያጋጫል።

«ምስጢሩ ጤፍ ነው»

አርሲን የሚያውቅ ይስቃል። በቆጂ የገብስና የስንዴ አገር ናት፤ እነ ቀነኒሳ ያደጉበት ማሳ የጤፍ ማሳ አይደለም። ጤፍ ጥሩ ምግብ ነው፣ በብረት የታወቀ ነው፤ ከዚያ ብረት የተወሰነው ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው። ከዓይነቱ ይልቅ መጠኑ ይበልጣል። አንድ ሰው በአንድ ኪሎ ክብደቱ፣ ለአንድ ኪሎሜትር ሩጫ፣ 1 ኪሎካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 55 ኪሎ የሚመዝን፣ በሳምንት 180 ኪሎሜትር የሚሮጥ ልጅ ለሩጫው ብቻ በቀን 1,400 ኪሎካሎሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ከተለመደው ቀለብ በላይ ማለት ነው። ይህ ካልተሟላ መጀመሪያ እንቅልፍ ይዛባል፤ በሴቶች የወር አበባ ይቀራል፤ ቀጥሎ የቅልጥም አጥንት ይሰነጠቃል። ሕመሙ ጫማው ወይም ሜዳው ላይ ይሳበባል፤ ምክንያቱ ግን ባዶ ሆድ ነው።

«ትምህርት ቤት እየሮጠ ያደገ ሁሉ ሯጭ ነው»

ኃይሌ ገብረሥላሴ በየቀኑ 10 ኪሎሜትር ሄዶ 10 ኪሎሜትር ይመለስ ነበር። በ2003 የወጣ ጥናትም የኢትዮጵያ ምርጥ ሯጮች ከሌላው ሰው ይልቅ ሩቅ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። ግን በዚያው መንገድ ደብተር ይዘው የሮጡት በሺህ ይቆጠራሉ። ሩጫው መሠረት ይጥላል፤ ማንንም አይመርጥም።

«የበለጠ የደከመ ያሸንፋል»

በዚህ አባባል የጠፉ ልጆች ብዙ ናቸው። ቀላል ሩጫ በታዘዘበት ቀን ጧት 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ ጫካ ለሚገባ ሰው የሚታየው ይህ ነው፦ አሥር አሥራ አምስት ሯጮች በአንድ ረድፍ፣ እግር በእግር ተከታትለው። መሪው በባሕር ዛፉ መካከል ይጠማዘዛል፤ ሥር ወይም ድንጋይ ሲያይ በእጁ ለኋላው ይጠቁማል። አንዱ ኪሎሜትር ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እነዚህ እኮ በውድድር ሦስት ደቂቃ የሚሮጡ ናቸው! መሪውን ማንም አያልፍም። ኮንዲሽኑን (የሰውነቱን ብቃት) ለማሳየት ከረድፉ የሚወጣ አዲስ ልጅ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ ነባሮቹ ይቆጡታል። ልክ ናቸው፤ የዛሬውን ኃይል ዛሬ ጫካ ውስጥ የጨረሰ ሰው ነገ ትራክ ላይ የሚያወጣው የለውም።

የማራቶን ሯጭ በሳምንት ከ160 እስከ 200 ኪሎሜትር ይሮጣል፤ ከባድ ቀኖቹ ግን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ የፍጥነት ሥራ፣ አንዱ ረጅም ሩጫ፣ ካለም አንድ ዳገት። የቀረው በዝግታ ይሄዳል። ከመጠን ያለፈ ድካም ምልክት አለው፦ ጧት ከአልጋ ሳይነሱ የሚቆጠር የልብ ምት ከተለመደው በ5 ወይም በ10 ከፍ ይላል፣ ምግብ ያስጠላል፣ የትናንቱ ፍጥነት ዛሬ ይከብዳል። ሁለቱ ከታዩ ለሦስት ቀን ርቀቱን በግማሽ ቀንሶ በዝግታ ብቻ መሮጥ ነው። «ላብ ያወጣዋል» ብሎ የጨመረ ሰው ሦስቱን ቀን በሦስት ወር ይከፍላል።

ዕረፍትም የልምምዱ አካል ነው፤ ጧት 30 ኪሎሜትር የሮጠ ሰው ቀን መተኛት አለበት። ቀን የቀን ሥራ የሚሠራ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ጥረት የሚባለው ነገር ግማሹ የቤት ኪራይና የምሳ ጥያቄ ነው።

«10,000 ሰዓት የሠራ ሁሉ ይደርሳል»

ቁጥሩ የመጣው በ1993 ከወጣ የቫዮሊን ተማሪዎች ጥናት ሲሆን፣ የምርጦቹ አማካይ እንጂ የማለፊያ ነጥብ አልነበረም። ለሩጫማ ጭራሽ አይሠራም፤ በቀን 2 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሮጥ 10,000 የሚሞላው ከ16 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ዕድሜዋ 20 ነበር።

«ድህነት ነው ጉልበት የሚሰጣቸው፤ አበበም በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው»

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም በባዶ እግሩ የሮጠው የተገኘው አዲስ ጫማ ስላልተመቸው ነው። በ1964 ቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ 2:15:16 የነበረው ሰዓት 2:12:11 ሆነ፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ። ደግሞም አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ደመወዝ፣ ቀለብ፣ የልምምድ ጊዜና ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ ነበረው። በዘመኑ ከዚህ የተሻለ ድጋፍ የነበረው ኢትዮጵያዊ ሯጭ ማግኘት ይከብዳል።

ድህነት ሯጭ አይወልድም፤ ያጣራል። አንድ ጫማ 600 ኪሎሜትር ያህል ያገለግላል ብንል፣ በሳምንት 160 ለሚሮጥ ሰው አራት ሳምንት አይሞላም። በላዩ ላይ ሰንዳፋ ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ኪራይ፣ ቀለብ አለ። ክለብ የሚገባው ሰዓት ካመጣ በኋላ ነው፤ ሰዓት የሚመጣው ደግሞ ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ። የብዙው ሰው መንገድ የሚቆረጠው በእነዚያ ሁለት ሦስት የባዶ ኪስ ዓመታት መካከል ነው፤ ከክለብ ይልቅ የወንድም ወይም የአጎት ልጅ ድጋፍ ያሻገራቸው ይበዛሉ።

«ዋናው ዕድል ነው»

በላይነህ ዲንሳሞ ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጠ፤ ክብረ ወሰኑን አሥር ዓመት ማንም አልነካውም። በዚያው ዓመት መስከረም የሴኡል ኦሊምፒክ ተከፈተ፤ ኢትዮጵያ አልሄደችም። በዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሰው በፖለቲካ ውሳኔ ቀረ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠርም በ1976 የሞንትሪያል ኦሊምፒክ እንዲሁ አምልጦታል፤ እሱ ግን አራት ዓመት ጠብቆ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ወሰደ። ልምምድ ይህን በር አይከፍተውም።

ሲከፈት የሚሆነውን ደግሞ ፓሪስ 2024 አሳይቷል። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ቦታው ለታምራት ተሰጠ፤ ለውድድሩ የቀረው ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር። ዳገት በበዛበት ጎዳና 2:06:26 ሮጦ፣ አንዱን ኪሎሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይዞ አሸነፈ። የማራቶን ዝግጅት ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይወስዳል፤ በመጨረሻው ሁለት ሳምንት ርቀት ይቀነሳል እንጂ አቅም አይገነባም። ስለዚህ ታምራት ያን ሁሉ ኪሎሜትር የሠራው ይሮጥ አይሮጥ ሳይታወቅ ነው። በዚያው ክረምት እንጦጦና ሰንዳፋ ላይ ያንኑ ያህል የሮጡ ሌሎችም ነበሩ፤ አንድ አገር በማራቶን ከሦስት በላይ ስለማያሰልፍ ውድድሩን በቴሌቪዥን አዩት።