ፍላሽበልብ ትውስታ ምንድን ነው? ስለ ማኅተሙና ስለ ደብዳቤው

ይቺን አባባል በየመድረኩ ሰምቼ ሰምቼ ታከተኝ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ሬዲዮ ላይ ደገማት። ስለ ፍርድ ቤት ምስክሮች እያወራ ነበር። "ሰው ደንግጦ ያየውን አይረሳም። አእምሮ እንደ ካሜራ ብልጭ አድርጎ ያስቀረዋል። ፍላሽበልብ ሜሞሪ የሚባለው እሱ ነው" አለ። ታክሲው ውስጥ የነበረው ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔ ሥራዬ ሳይኮሎጂ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ከአምባሳደር እስከ አራት ኪሎ እንደተናደድኩ ደረስኩ።

ፍላሽበልብ (flashbulb፣ የካሜራ ብልጭታ አምፖል) ትውስታ የሚባለው አንድ ትልቅና ያልተጠበቀ ዜና የሰማንበት ቅጽበት ትውስታ ነው። ዜናውን ለብቻው አይደለም። የት ነበርን? ማን ነገረን? ምን እያደረግን ነበር? ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ የአራት ኪሎ ሰው ካገኛችሁ ግንቦት 20 ቀን 1983 ጠዋት የት እንደነበሩ ጠይቋቸው። ታንኩ በየት በኩል እንደመጣ፣ በሩን ማን እንደዘጋ፣ የለበሱት ሹራብ ሳይቀር ይነግሯችኋል። ነሐሴ 15 ቀን 2004 የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሞት ሲነገርም እንደዚያው ነው።

ስያሜውን በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮጀር ብራውን እና ጄምስ ኩሊክ ናቸው። ሰዎች የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት የኬኔዲን መገደል የሰሙበትን ቅጽበት እንዴት አድርገው እንደሚተርኩት ገርሟቸው፣ አንጎል ለእንዲህ ያለ ነገር ልዩ የመቅረጫ ዘዴ ሳይኖረው አይቀርም ብለው ገመቱ። የኛ ተንታኝ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ጥናቱ ግን ቀጥሏል።

ጥር 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ሰማይ ላይ ፈነዳች። በማግስቱ ጠዋት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኡልሪክ ናይሰር አንድ ነገር አደረገ። አሜሪካ ባለው በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዜናውን እንዴት እንደሰሙ በእጃቸው እንዲጽፉ አደረገ። ወረቀቱ ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ከኒኮል ሃርሽ ጋር ሆኖ ከመካከላቸው 44ቱን እንደገና ጠየቃቸው። ሁለቱ መልሶች ምን ያህል እንደሚገጥሙ የተሰጠው ነጥብ ከ7 ነበር፤ አማካዩ 3 እንኳ አልሞላም። 11ዱ ዜሮ አገኙ። ማለትም ቦታው፣ የነገራቸው ሰው፣ ያደርጉት የነበረው ነገር፣ ምኑም ከመጀመሪያው ጽሑፋቸው ጋር አልገጠመም። አሁን ዋናው ጉዳይ መጣ። ምን ያህል እርግጠኛ ናችሁ ተብለው ሲጠየቁ የሁሉም አማካይ መልስ ከ5 ውስጥ ከ4 በላይ ነበር። የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ሲያሳዩአቸው እንኳ የጠፋው ትውስታ አልተመለሰም። አንዳንዶቹ ጭራሽ ከወረቀቱ ጋር ተከራከሩ።

ጄኒፈር ታላሪኮ እና ዴቪድ ሩቢን ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች በተመቱ ማግስት 54 ተማሪዎችን ስለ ጥቃቱም፣ በዚያው ሰሞን ስለገጠማቸው ተራ ነገርም ጠየቁ። ወራት አልፈው ሲደገም ሁለቱም ትውስታ እኩል ተሸርሽሯል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ተራውን ነገር "እንጃ፣ ሳይሆን አይቀርም" ይሉታል። ጥቃቱን ግን አሁንም እንደሚያዩት ይተርኩታል። ስለዚህ ፍላሽበልብ ትውስታን የሚለየው እርግጠኝነቱ ነው። ትክክለኛነቱን በሌላ መንገድ ማጣራት ያስፈልጋል።

እንዴት እንዲህ ይሆናል? ስሜት አእምሮ ውስጥ የሚሠራው ሥራ የወረዳ ማኅተም ይመስላል። ክብ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ማንም አይንቀውም። ፋይል ይገባል፣ ይጠበቃል፣ ሲፈለግም ቶሎ ይገኛል። ማኅተም የሌለው ሜዳ ላይ ይቀራል። ግን ማኅተሙን የሚመታው ሰው ደብዳቤውን አንብቦ አጣርቷል ወይ? ወረዳ ጉዳይ ኖሮት የሚያውቅ ሰው መልሱን አይጠይቀኝም። አሚግዳላ የምትባለው የአንጎል ክፍል እንደዚያ ናት። ስንደነግጥ ወይም በደስታ ስንሰክር፣ በጭንቀት ሆርሞኖች እየታገዘች፣ ትውስታ የሚያስቀምጠውን ጎረቤቷን ሂፖካምፐስን "ይሄ ይቀመጥ!" ትላለች። የተጻፈው ልክ ይሁን አይሁን እሷን አይመለከታትም።

ደብዳቤውን የሚጽፈው ትኩረት ነው። የደነገጠ ጸሐፊ ደግሞ ግማሹን ይዘላል። ማታ ላይ አንዱ ጩቤ መዝዞ ስልክህን ቢቀማህ ዓይንህ የሚተከለው ጩቤው ላይ ነው። ስለቱን፣ እጀታውን፣ እጁን ታስታውስ ይሆናል። ፊቱን ግን በደንብ አላየኸውም። ይህ በተደጋጋሚ ሙከራ የታየ ነገር ነው። ያልተጻፈውን መስመር ማኅተም አያመጣውም። አእምሮ ደግሞ ባዶ መስመር አይወድም፤ ከሰፈር ወሬ፣ ከዜና፣ ሌባ እንዲህ ነው የሚመስለው ከሚል ግምት አምጥቶ ይሞላዋል። የሞላውን ካየው መለየት አይችልም፤ ማኅተሙ ለሁለቱም አንድ ነው።

ማኅተሜን አልጨረስኩም። ፋይሉ በወጣ ቁጥር ደብዳቤው እንደገና ይተየባል፣ እንደገናም ይታተማል። ካሪም ናደር እና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. አይጦች አንድ ድምፅ እንዲፈሩ አስተማሩ። ኋላ ድምፁን አስታውሰዋቸው ወዲያው አሚግዳላቸው ውስጥ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት ሲሰጧቸው፣ ፍርሃቱ ከሰመ። የጸና የሚመስል ትውስታ ሲጠራ ለጊዜው ይከፈታል ማለት ነው። (አይጥ ነው፤ ሰው ላይ ውጤቱ ወጥ አይደለም፤ "ትዝታ የሚሰርዝ ክኒን" የሚሉትን አትስሙ።) እዚህ ጋ ምሳሌዬ ይሰበራል፤ ወረዳው ቢያንስ ቅጂ ያስቀራል። አእምሮ ውስጥ ሄደን የምናመሳክረው ዋና ቅጂ የለም። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ሁለት የሰፈሩ ልጆች ሻይ ቤቷ በየትኛው ወገን እንደነበረች ሲጨቃጨቁ ብትሰሙ ይገባችኋል። ሁለቱም ይምላሉ። ሄዶ ማየት ደግሞ የለም።

ወደ ተንታኙ ልመለስ። ምስክሩ እያለቀሰ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ዝርዝሩን ሳያዛንፍ ስለተናገረ እውነት ነው አለ። እንባው ነገሩ እንደከበደው ይነግረናል። ሳያዛንፍ መድገሙም ብዙ አያረጋግጥም። ዊልያም ኸርስት እና ባልደረቦቹ የመንትያ ሕንጻዎቹን ጥቃት ትውስታ 10 ዓመት ተከታትለው ያገኙት፣ መርሳቱ በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት እንደሚያልቅና ከዚያ ታሪኩ እንደሚረጋ ነው። የተሳሳተውም አብሮ ይረጋል።

አሁን ሳትጠይቁኝ ጥቂት ነገር ልጨምር። የናይሰር ተማሪዎች አሜሪካዊ ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያው ወረቀታቸውም ራሱ ስህተት ሊኖርበት ይችላል፤ የተለካው ሁለቱ መግጠማቸው ነው። ደግሞ እርግጠኝነት ሁልጊዜ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ማንም ሳይጎተጉተው፣ ተጠርጣሪን ከሌሎች ሰዎች መሃል ለመለየት በትክክል በተዘጋጀ ሥርዓት፣ ገና በመጀመሪያው ጊዜ "እሱ ነው" ያለ ምስክር እርግጠኝነቱ ብዙ ይናገራል። የሚበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። ፖሊስ ሲጠይቀው፣ ዘመድ ሲያወራው፣ ፎቶ ስልክ ላይ ሲዞር። ስለዚህ ችሎት ላይ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረባም። መጀመሪያ ለማን ተናገርክ? መቼ? ከዚያ በፊት ምን ሰምተህ ነበር? የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው።

ይህን ስጽፍ የምፈራው ሌላ ተንታኝ አለ። "በቃ፣ ትውስታ አይታመንም" ብሎ የተጎዳን ሰው ሐሰተኛ የሚያደርገው። ከናይሰር ተማሪዎች መንኮራኩሯ መፈንዳቷን የረሳ የለም። የተዛባው የት ሆነው እንደሰሙት ነው። እሱም ዜና ስለመስማት የተጠና እንጂ አደጋው ራሳቸው ላይ ስለደረሰ ሰዎች አይደለም። የራስ ላይ ጥቃት ትውስታ ሌላ ምዕራፍ ነው፣ በዚህ ጥናት አይዳኝም። የተደበደበች ሴት ማክሰኞውን ረቡዕ ብትል፣ የበሩን ቀለም ብታሳስት፣ ሊያጋጥም የሚችል ነው። መደብደቧን ግን በቀኑ ስህተት ብቻ ሐሰት የሚያደርግ አንድም ሙከራ የለም።