«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል»፦ ባልደረባ ባልደረባውን ሲበላ

ድሮ ከጎንደር ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ድርቆሹን ጠቅጥቆ ይነሣ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሸክም አይጣል ነው። በየሰፈሩበት እየተበላ ሲሄድ ግን ስልቻው ይሟሽሻል። ምሳሌው ከዚህ የመንገድ ኑሮ የተቀዳ ነው። ውሸትም ሲነገር ከባድ ነው፤ አንጀት ይበላል፣ ኪስ ያስከፍታል። ሲውል ሲያድር ግን ይቀላል፤ ተናጋሪውም አብሮ ይቀላል። ብዙ ጊዜ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ከሚለው ጋር ተጣምሮ ይነገራል።

ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ውስጥ ነን እንበል። አንዱ ወጣት ሒሳብ ክፍል ይገባና «እትዬ፣ እናቴ ሆስፒታል ገብታብኝ ነው። 3,000 ብር ብቻ ያበድሩኝ፣ ደሞዝ ሲወጣ በቴሌብር እልክልዎታለሁ» ይላል። ለጥበቃው ደግሞ «ጋሼ፣ የቤት ኪራይ አፍጥጦብኛል» ብሎ ሌላ ይቀበላል። ሳምንት ሳይሞላ ቡና ላይ ወሬው ይገናኛል።

«እናቱ ተሻላቸው ይሆን?»

«የማን እናት? እሁድ ክርስትና ቤት እስክስታ ሲወርዱ አይደል እንዴ ያየኋቸው!»

በቃ፣ ስንቁ አለቀ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ነጋዴው የሚበላው የራሱን ስንቅ ነው፤ ይሄ ልጅ የሚበላው የሰው ነው። ስለዚህ አለቃ «እያደር ይቀላል» ብሎ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ የሚቀለው የባልደረቦቹ ኪስ ነው። የግል ብድር የግል ጉዳይ ነው መባሉም እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። ልጁ የድርጅቱን ገንዘብ የሚይዝ ከሆነማ ካዝናው ዛሬውኑ ይቆጠር።

ሰው ፊት ማዋረድ አያስፈልግም። ለብቻው ጠርቶ ከማን ምን ያህል እንደወሰደ መጠየቅ ይበቃል። አንዳንድ አለቃ ግን በንዴት «ከደሞዙ ቁረጡበት!» ይላል። አይሆንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አለቃ በራሱ ሥልጣን ደሞዝ አይቆርጥም። ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ይቻላል፤ ያውም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ከሦስት አንድ እጁን ሳያልፍ።

ክስ ቢባልስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከባልደረባ ወረቀት መጠየቅ እንደ ነውር ነው፤ እትዬም ሆኑ ጋሼ አልጠየቁም። እንግዲህ ልጁ አለቃው ፊት ተቀምጦ ባመነባት ሰዓት፣ የእያንዳንዱን ብድር መጠንና የሚመልስበትን ቀን ጽፎ ይፈርም። አለዚያ ነገ ሌላ ታሪክ ይዞ ይመጣል።